አሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒውተርን በአነስተኛ ወጪ ስለማፍጠን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በደሴና በኮምቦልቻ ከ10 ዓመት በላይ ያገለገለ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር በቢሮ፣ በትምህርት ቤት፣ በኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ወይም በመኖሪያ ቤታቸው ላላቸው ሰዎች ነው። እኔ የምተዳደረው ደሴ ውስጥ በኮምፒውተር ጥገና ሥራ ሲሆን፣ ወደ እጄ ከሚገቡት ማሽኖች አብዛኞቹ ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኮምፓክ ወይም ሌኖቮ ቲንክሴንተር ናቸው። ባለቤቶቻቸው «አርጅቷል» ብለው ተስፋ ቆርጠውባቸው ይመጣሉ፤ ሲከፈቱ ግን ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚያጓትተው አንድ ዕቃ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ያንን ዕቃ ሳይለዩ ገንዘብ የሚያወጡ ሰዎች ስለሚያሳዝኑኝ፣ በየጊዜው ለሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች መልሱን በጽሑፍ ማስቀመጥ መረጥሁ።

ኮምፒውተሬ በጣም ዘገምተኛ ሆኗል፤ መጀመሪያ ምን ልግዛ?

መጀመሪያ ምንም አይግዙ። ዘወትር የሚሠሩባቸውን ፕሮግራሞች ሁሉ ይክፈቱና ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ የሚባሉትን ሦስት ቁልፎች በአንድ ላይ ይጫኑ፤ ታስክ ማናጀር የተባለው መስኮት ይከፈታል። በዊንዶውስ 10 ላይ ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ፣ ስሌቱን የሚሠራው ክፍል)፣ ሜሞሪ (ራሙ፣ የተከፈቱ ፕሮግራሞች ለጊዜው የሚቆዩበት) እና ዲስክ (ፋይሎች በቋሚነት የሚቀመጡበት) የሚሉ ዓምዶች በመቶኛ ተጽፈው ይታያሉ፤ በዊንዶውስ 7 ላይ ደግሞ የዲስኩን ሁኔታ ለማየት ከዚያው መስኮት ሪሶርስ ሞኒተር የሚለውን መክፈት ያስፈልጋል።

ኮምፒውተሩ ከተነሣ ብዙ ደቂቃ አልፎትም ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተቸንክሮ ከቆየ፣ ችግሩ ሃርድ ዲስኩ ነው። ሜሞሪው ከ85 በመቶ በላይ ከሆነና ፕሮግራም በከፈቱ ቁጥር ዲስኩም አብሮ የሚጨናነቅ ከሆነ ራሙ አንሷል ማለት ነው። ሁለቱም ረግተው ሲፒዩው ብቻ ያለ ዕረፍት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ፕሮሰሰር ለመቀየር ከማሰብዎ በፊት ቫይረስና ሙቀት መኖሩን ይመርምሩ። ይህ ምርመራ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ገንዘብዎ የት መዋል እንዳለበት ግን ከማንም ሻጭ ይልቅ በትክክል ይነግርዎታል።

ሁሉም ሰው ኤስኤስዲ አስገባ ይለኛል፤ በእርግጥ ያን ያህል ለውጥ ያመጣል?

አዎን፣ ያመጣል። ኤስኤስዲ ማለት በሃርድ ዲስክ ፈንታ የሚገባ፣ ፋይሎችን በቺፕ ላይ የሚያስቀምጥ ፈጣን ዲስክ ነው። በአሮጌ ማሽን ላይ ከሚደረጉ ለውጦች ሁሉ በአንድ ብር ብዙ ፍጥነት የሚገኝበት ይህ ነው፤ ምክንያቱን ማወቅም ለውሳኔ ይጠቅማል።

የዴስክቶፕ ሃርድ ዲስክ በውስጡ በደቂቃ አብዛኛውን ጊዜ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን አለው። አንድ ዙር ለመዞር ከ8 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይወስድበታል፤ በዚህ ላይ መረጃውን የሚያነበው ክንድ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው መንቀሳቀስ አለበት። ስለዚህ በተለያየ ቦታ የተበተኑ ትንንሽ ፋይሎችን ሲፈልግ በሰከንድ ማንበብ የሚችለው 100 ያህል ጊዜ ብቻ ነው። አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ለእያንዳንዱ ባለጉዳይ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ መደርደሪያውን ፈልጎ፣ አንድ ፋይል ብቻ ይዞ ቢመለስ ሰልፉ የት እንደሚደርስ ያስቡ። ዊንዶውስ ሲነሣ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ስለሚጠይቅ፣ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ያንን ሠራተኛ ይጠብቃል። ኤስኤስዲ ግን የሚሽከረከርም የሚንቀሳቀስም ክፍል የለውም፤ ተራ የሚባለው እንኳ በሰከንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ንባቦችን ያስተናግዳል። ለመነሣት አራትና አምስት ደቂቃ ይፈጅበት የነበረ ማሽን ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሲነሣ በተደጋጋሚ አይቻለሁ።

«ማሽኔ አሮጌ ስለሆነ የኤስኤስዲውን ፍጥነት አይችልም» የሚል ስጋት ያላቸው ሰዎች አሉ። ሳታ የሚባለው ዲስክ የሚሰካበት ሶኬት ሁለተኛ ትውልዱ በሰከንድ እስከ 300 ሜጋባይት፣ ሦስተኛው ደግሞ እስከ 600 ሜጋባይት ያስተላልፋል፤ ስለሆነም አሮጌው ሶኬት የኤስኤስዲውን ሙሉ አቅም አያወጣም። ነገር ግን ትልቁ ጥቅም የሚገኘው ከፍለጋው ፍጥነት በመሆኑ በአሮጌው ሶኬትም ቢሆን ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። እንደ ኦፕቲፕሌክስ 790 ባሉ ሁለተኛ ትውልድ ኮር ፕሮሰሰር ባላቸው ማሽኖች ላይ 0 የሚል ቁጥር የተጻፈበት የሳታ ሶኬት ፈጣኑ ስለሆነ ኤስኤስዲውን በእርሱ ላይ መሰካት ይገባል። ዊንዶውስ ከመጫንዎ በፊትም ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ገብተው የሳታው አሠራር ኤኤችሲአይ በሚለው ላይ መሆኑን ያረጋግጡ።

ምን ያህል መጠን ያለው፣ የትኛውን ዓይነት ልግዛ?

ለጽሕፈት፣ ለሒሳብ ሥራና ለኢንተርኔት 240 ወይም 256 ጊጋባይት በቂ ነው። ገንዘቡ ካልበቃ 120ውን ገዝቶ ዊንዶውሱንና ፕሮግራሞቹን በእርሱ ላይ መጫን፣ ፎቶና ቪዲዮ ደግሞ በነባሩ ሃርድ ዲስክ ላይ እንዲቀመጥ ማድረግ ይቻላል።

መግዛት ያለብዎት ባለ 2.5 ኢንች የሳታ ኤስኤስዲ ነው። እንደ ራም ቀጭንና ረጅም የሆነው ኤም ዶት ቱ የሚባለው ዓይነት በአብዛኞቹ አሮጌ ማዘርቦርዶች (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩባቸው ዋና ሰሌዳዎች) ላይ መሰኪያ የለውም፤ ዋጋው ረከስ ብሎ ቢያዩትም ይተዉት። ኤስኤስዲው ከሃርድ ዲስኩ ቦታ ስለሚያንስ ማያያዣ ፍሬም ይጠይቃል፤ ፍሬም ካልተገኘ ግን የሚነዝር ክፍል ስለሌለው ባለ ሁለት ገጽ ማጣበቂያም ይይዘዋል። ወደ ገበያ ከመሄድዎ በፊት ኬዙን ከፍተው ትርፍ የሳታ ገመድና ትርፍ የፓወር ጫፍ መኖሩን ይዩ። በትንንሾቹ ኬዞች ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለማይገኝ፣ ለአንድ ገመድ ብቻ ተብሎ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ሁለት ጊዜ መውጣትና መውረድ ይመጣል።

ዕቃው አስመስሎ የተሠራ እንዳይሆን እንዴት ልጠንቀቅ?

በፒያሳም ሆነ በሌላ ቦታ ሲገዙ ዕቃው እዚያው ሱቅ ውስጥ በኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ እንዲታይ ይጠይቁ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ዲስኩ ለስንት ሰዓት እንደሠራና ጤንነቱ በምን ደረጃ ላይ እንዳለ ያሳያል፤ «አዲስ ነው» የተባለ ኤስኤስዲ በሺዎች የሚቆጠር ሰዓት ሠርቶ ከተገኘ አዲስ አይደለም። ያገለገለ ሃርድ ዲስክ የሚገዙ ከሆነም በዚያው ፕሮግራም ላይ የተተኩ ሴክተሮች (ተበላሽተው በሌላ የተተኩ የዲስኩ ትንንሽ ክፍሎች) ቁጥር ከዜሮ በላይ ከሆነ አይውሰዱት።

በጣም ርካሽ ሆነው የሚቀርቡ «2 ቴራባይት» ፍላሾችና ውጫዊ ኤስኤስዲዎች ግን ከሁሉ የከፉ ናቸው። በውስጣቸው ያለው ትንሽ ማስቀመጫ ሆኖ ሳለ ለኮምፒውተሩ የውሸት መጠን እንዲናገሩ ተደርገው የተሠሩ ስለሆኑ፣ ፋይሉ የተቀዳ ይመስላል፤ ሲከፈት ግን የለም። ኤች ቱ ቴስት የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ዲስኩን እስከ ጫፉ ጽፎ መልሶ በማንበብ እውነተኛውን መጠን ያወጣል። ደረሰኝ ሲቀበሉም የዕቃው ተከታታይ ቁጥር እንዲጻፍበት ያድርጉ፤ ለመመለስ ሲሄዱ የሚያከራክረው ይኸው ቁጥር ነው።

ራም ምን ያህል ይበቃል? የትኛውስ ይገጥማል?

በዚህ ዘመን ብሮውዘርና ወርድ አብረው ሲከፈቱ 4 ጊጋባይት ይጨናነቃል፤ 8 ጊጋባይት ግን ለአብዛኛው የቢሮ ሥራ ይበቃል። ከዚያ በላይ መጨመር ለዲዛይንና ለቪዲዮ ሥራ ካልሆነ የሚታይ ለውጥ አያመጣም። የተጫነው ዊንዶውስ ባለ 32 ቢት ከሆነ 8 ጊጋባይት ቢያስገቡም ከ4 በታች ብቻ ስለሚጠቀም፣ ራም ሲጨመር ወደ ባለ 64 ቢት መቀየር የግድ ነው።

የራም ትውልዶች አይቀያየሩም። ዲዲአር 2 እና ዲዲአር 3 ሁለቱም 240 እግር ቢኖራቸውም መሐላቸው ላይ ያለው ትንሽ ክፍተት የሚያርፍበት ቦታ የተለያየ ነው፤ ዲዲአር 4 ደግሞ 288 እግር አለው። አልገባ ያለን ራም በጉልበት መጫን ሶኬቱን ይሰብራል። ለምሳሌ ኦፕቲፕሌክስ 755 ዲዲአር 2፣ ኦፕቲፕሌክስ 790 እና 7010 ደግሞ ዲዲአር 3 ይጠቀማሉ፤ በማሽንዎ ላይ ያለው የትኛው እንደሆነ ሲፒዩ ዜድ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይነግርዎታል፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ነባሩን ራም ነቅሎ ለሻጩ ማሳየት ነው። በተቻለ መጠን እኩል መጠን ያላቸውን ሁለት ራሞች ጥንድ አድርገው ይሰኩ፤ ፕሮሰሰሩ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ስለሚያነብ አንድ ትልቅ ራም ከማስገባት የተሻለ ይሆናል።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ፦ ከሰርቨር የተነቀሉ፣ ሬጅስተርድ የሚባሉ ዲዲአር 3 ራሞች በርካሽ ይሸጣሉ። ቅርጻቸው አንድ ስለሆነ ሶኬቱ ውስጥ ይገባሉ፤ ተራው ዴስክቶፕ ግን በእነርሱ አይነሣም። በራሙ ላይ ባለው ወረቀት ከፍጥነቱ ቁጥር ቀጥሎ «አር» የሚል የላቲን ፊደል ካለ አይግዙት።

ፕሮሰሰር ወይም ግራፊክስ ካርድ መቀየርስ?

በአብዛኛው አያዋጣም። የማዘርቦርዱ ሶኬት የሚቀበለው ውስን ትውልድ ስለሆነ፣ ከኮር 2 ዱዎ ተነሥቶ ወደ ኮር አይ 5 መሄድ ማዘርቦርዱን፣ ራሙንና አንዳንዴም ፓወር ሰፕላዩን መቀየር ማለት ነው። አንዱ ልዩ ሁኔታ ማሽኑ ኮር አይ 3 2100ን የመሰለ ባለ ሁለት ኮር ይዞ ሲገኝ ነው፤ በዚያው ሶኬት ላይ ባለ አራት ኮሩ አይ 5 2400 ይገባል፤ ያገለገለውም በመጠነኛ ዋጋ ሊገኝ ይችላል። ሙቀቱ ግን ከ65 ወደ 95 ዋት ስለሚያድግ ሂትሲንኩ (ከፕሮሰሰሩ ላይ ሙቀት የሚወስደው ባለ ቅጠል ብረት) እና ፋኑ ይህን የሚችሉ መሆናቸው አስቀድሞ መታየት አለበት። ግራፊክስ ካርድ ለጽሕፈትና ለኢንተርኔት ምንም አይጨምርም።

ምንም ሳልገዛ ማፍጠን የምችልበት መንገድ አለ?

አለ፤ ከሁሉ በፊት መሞከር ያለበትም ይኸው ነው። አንዲት የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ከኮምቦልቻ ማሽናቸውን ይዘውልኝ መጥተው ነበር፤ ፕሮሰሰሩ ስለተበላሸ ይቀየር ተብለው ገንዘቡን ሊያወጡ ነበር። ጎኑን ስከፍተው በሂትሲንኩ ቅጠሎች መሐል አቧራውና የወረቀቱ ብናኝ ተጣብቆ እንደ ባና ጠብቆ ነበር፤ በጣቴ ስይዘው ከነቅርጹ እንደ ጨርቅ ተላቆ ወጣ። ሂትሲንኩን ሳነሣው ሙቀት አስተላላፊው ቅባት ደርቆ እንደ ጠመኔ ይፈረፍራል። ፕሮሰሰር ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ራሱን ላለማቃጠል ፍጥነቱን በገዛ እጁ ይቀንሳል፤ የማሽኑም ዝግታ ከዚህ የመጣ ነበር። ተጠርጎ አዲስ ቴርማል ፔስት ከተቀባ በኋላ ሙቀቱ ከ90 ዲግሪ በላይ ከነበረበት ወደ 60ዎቹ ወረደ። የወጣው ገንዘብ የአንዲት ትንሽ የቅባት ስሪንጅ ዋጋ ብቻ ነው።

የአካባቢያችን ከፍታም በዚህ ላይ የራሱ ድርሻ አለው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ሳሳ ያለ አየር ደግሞ ሙቀትን ጠርጎ የመውሰድ አቅሙ አነስተኛ ነው፤ ቅዝቃዜዋ ግን ይህን ያካክሳል። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ብትልም የቀኑ ሙቀት ይበረታል። ስለዚህ በሁለቱም ከተሞች ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከመንገድ ዳር ባሉ ሱቆች ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ማስጠረግ ያስፈልጋል። ሲጠርጉ ኤሌክትሪኩን ይንቀሉ፤ በብሎወር ሲነፉም ፋኑን በጣትዎ ይያዙት፤ ያለ ልክ ሲሽከረከር ይበላሻል።

ከዚህ ሌላ ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብረው የሚነሡ አላስፈላጊ ፕሮግራሞችን፣ በዊንዶውስ 10 ከሆነ፣ በታስክ ማናጀር ውስጥ ስታርታፕ ከሚለው ይዝጉ፤ ሁለት አንቲቫይረስ አብረው ከተጫኑም አንዱን ያስወጡ። ሰዓትና ቀኑ በየጊዜው ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች፤ ቁጥሯ 2032 ነው። ብዙ ሰው ድረ ገጾች አልከፈት ሲሉት ኢንተርኔቱን ይወቅሳል፤ ነገር ግን ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒውተር የድረ ገጹን የደኅንነት ማረጋገጫ ስለማይቀበል ነው።

የትኛውን ዊንዶውስ ልጫን?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ድጋፍ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚጠይቀው ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍልና፣ ከኢንቴል ከሆነ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ ፕሮሰሰር በመሆኑ፣ እዚህ የምንነጋገርባቸው ማሽኖች አያሟሉም።

ሥራዎ በብሮውዘርና በተራ ጽሕፈት የሚያልቅ ከሆነ ሊኑክስ ሚንት፣ በተለይም ኤክስኤፍሲኢ የተባለው ቀላሉ ዓይነት፣ በነጻ የሚገኝና ወቅታዊ ማሻሻያ የሚያገኝ ነው፤ ሃርድ ዲስኩን ሳይነኩ ከፍላሽ ላይ አስነሥቶ መሞከርም ይቻላል። ስትሞክሩት ፕሪንተራችሁና ስካነራችሁ መሥራታቸውን መጀመሪያ እዩ። ሥራው ከአንድ የተወሰነ የዊንዶውስ ፕሮግራም ጋር የተያያዘ ከሆነ ግን በዊንዶውስ 10 መቆየት ይሻላል፤ ታዲያ ብሮውዘሩንና አንቲቫይረሱን ማደስ መቋረጥ የለበትም። ዊንዶውስን ያለ ፈቃድ ለማስከፈት የሚሠራጩት ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ቫይረስ ይዘው ስለሚመጡ፣ የተገዛውን ፍጥነት መልሰው ይወስዱታል።

ፎርማት ሲደረግ የአማርኛ ጽሑፎቼ ይጠፋሉ?

ፋይሉ ተገልብጦ ቢተርፍም ጽሑፉ ላይነበብ ይችላል። የአንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ኮምፒውተር ላይ ኤስኤስዲ ሳስገባ ሰነዶቻቸውን ሁሉ በጥንቃቄ ቀድቼ ነበር፤ የብዙ ዓመት የፈተና ጥያቄያቸው ግን ዩኒኮድ (ፊደል በየኮምፒውተሩ አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲነበብ የሚያደርገው የጋራ ሥርዓት) ከመለመዱ በፊት በነበሩ የግእዝ ፎንቶች የተጻፈ መሆኑን ሳልጠይቅ ፎርማት አደረግሁት። ሰነዱ ሲከፈት ገጹ በሙሉ ትርጉም በሌላቸው የላቲን ፊደሎችና ምልክቶች ተሞልቶ ታየ። ያንኑ ፎንት ከሌላ ሰው ኮምፒውተር ፈልጎ ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ መምህሩ በእነዚያ ቀናት የነበሩበትን ጭንቀት አልረሳውም።

ስለዚህ ከፎርማት በፊት በሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ በሚለው ማኅደር ውስጥ ያለውን ፎንትስ የተባለ ማኅደር በሙሉ ይገልብጡ። የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራምዎን መጫኛ ፋይልና የፕሪንተሩን ድራይቨርም አብረው ያስቀምጡ። ዴስክቶፕ ላይና ዳውንሎድስ ውስጥ ያለው፣ በብሮውዘሩ ውስጥ የተቀመጠውም የይለፍ ቃል እንዳይረሳ። ምንም መቀየር ካልፈለጉ ክሎንዚላ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ሃርድ ዲስኩን እንዳለ ወደ ኤስኤስዲው መገልበጥ ይቻላል፤ ኤስኤስዲው ከነባሩ ዲስክ ካነሰ ግን ክፍልፋዮቹን አስቀድሞ ማሳነስን ይጠይቃል፤ ቫይረስ ካለም አብሮ ይሻገራል። እኔ የምመርጠው ፎንቱን አስቀምጦ በንጹሕ መጫንን ነው።

መብራት ስለሚቆራረጥ ኤስኤስዲው አይጎዳም?

ሊጎዳ ይችላል፤ በመጻፍ ላይ እያለ መብራት ድንገት ሲጠፋበት ፋይል ሊበላሽ፣ አልፎ አልፎም ዲስኩ ራሱ ሊሞት ይችላል። ስታቢላይዘር ከፍና ዝቅ የሚለውን ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን አያቆይም፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ከራሱ ባትሪ ለጊዜው ኃይል የሚሰጠው ዩፒኤስ ነው። ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ለአንድ ዴስክቶፕ ሥራን አስቀምጦ ለመዝጋት የሚበቃ ደቂቃ ይሰጣል። አሮጌ ዩፒኤስ ካለዎት አይጣሉት፤ ብዙ ጊዜ የሞተው በውስጡ ያለው 12 ቮልት ባትሪ ብቻ ስለሆነ እርሱን መቀየር ይበቃል። ዩፒኤስ ከሌለ መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ነቅለው፣ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ረግቶ ሲቆይ ይሰኩ።

ማሻሻሉን ትቶ ሌላ መግዛት የሚሻለው መቼ ነው?

ማዘርቦርዱ የሳታ ሶኬት የሌለውና ጠፍጣፋውን ሰፊ የአይዲኢ ገመድ ብቻ የሚጠቀም ከሆነ፣ ወይም በማዘርቦርዱ ላይ ያሉት ትንንሽ በርሜል መሳይ ካፓሲተሮች ራሳቸው አብጦ ከታየ፣ ምንም ገንዘብ አያውጡበት። ዲዲአር 2 የሚጠቀም ማሽን ላይም ኤስኤስዲ ብቻ ያስገቡ፤ ሌላ ማሽን ሲገዙ ነቅለው ይወስዱታልና ገንዘቡ አይባክንም፤ ዲዲአር 2 ራም ግን እዚያው ይቀራል። የሚገቡት ዕቃዎች ድምር ዋጋ ያገለገለ ስድስተኛ ትውልድ ማሽን ከሚሸጥበት ግማሹን የሚያልፍ ከሆነ እኔ ደንበኞቼን ሌላውን እንዲገዙ እመክራለሁ፤ ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ያለ ከተገኘ ደግሞ ዊንዶውስ 11ንም ስለሚቀበል ጥቂት ጨምሮ እርሱን መውሰድ ያዋጣል።

የወጣውን ሃርድ ዲስክ ምን ላድርገው?

ቢያንስ ለአንድ ወር ምንም ሳይነኩት ያስቀምጡት፤ የተረሳ ፋይል የሚታወሰው በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ጤነኛ ከሆነ በዚያው ኬዝ ውስጥ ሁለተኛ ዲስክ አድርጎ መሰካት፣ ወይም ማቀፊያ ገዝቶ የባክአፕ ማስቀመጫ ማድረግ ይቻላል። የዴስክቶፕ ሃርድ ዲስክ ከዩኤስቢ በሚያገኘው ኃይል ብቻ ስለማይነሣ፣ ማቀፊያው የራሱ ባለ 12 ቮልት አዳፕተር ያለው መሆን አለበት። የተበላሹ ሴክተሮች ያሉበት ከሆነ ግን የአንድም ሰነድ ብቸኛ ቅጂ አይቀመጥበት፤ ለሌላ ሰው ከመስጠትዎ በፊትም ተራው ፈጣን ፎርማት ፋይሎቹን በትክክል ስለማያጠፋ ሙሉ ፎርማት ያድርጉት።